ስልኩ ሊሸጥ ነው፣ ማይኩ ግን ያፍናል፤ ይጠገን ወይስ ዋጋ ይቀነስ?

የኢንተርኔት ውይይቱን ክር የከፈተው ሰው ከጅማ ነው። የሚሸጠው ሳምሰንግ ጋላክሲ ኤ12 ነው፤ ስክሪኑ ንጹህ፣ ባትሪው ደህና፣ ቻርጅም በደንብ ይይዛል። ችግሩ ማይኩ ብቻ ነው። ሲደውል ድምፁ ወዲያ ማዶ ላለው ሰው ታፍኖና ርቆ ነው የሚደርሰው፤ ቴሌግራም ላይ የሚልከው የድምፅ መልእክትም ያው ነው። ኢርፎን ሲሰካ ግን ጥርት ይላል። መርካቶ አካባቢ ያሳየው አንድ ጥገና ቤት ዋናው ቦርድ ነው የተበላሸው ብሎታል፤ ሌላው ደግሞ ገዢ ማይክ ስለማይሞክር ዝም ብሎ እንዲሸጠው መክሮታል። የራሱ ሐሳብ ማይክ አንዴ ከሞተ አይመለስምና ዋጋ ቀንሶ መገላገል ይሻላል የሚል ነው፤ ከተሳሳተ እንዲያርሙት ጠይቋል። አረሙት፤ እርስ በርሳቸውም ተራረሙ።

ምላሾቹን በተራቸው አስቀምጣለሁ። ሰላምታ ብቻ የሆኑትንና ዋጋው ስንት ነው ብለው ብቻ ያለፉትን አልቆጠርኳቸውም።

ምላሽ 1 በትሕትና የተጻፈ ነው፤ ለእኔ የክሩ መሠረት እሱ ነው። የሞተ ማይክ አያፍንም ይላል። ማይክ ሲሞት ጭራሽ ድምፅ የለም፣ ካለም ሹሹታ ብቻ ነው። ድምፅ ታፍኖ የሚደርሰው ማይኩ እየሠራ ፊቱ ሲሸፈን ነው፤ ሽፋኑ ቆሻሻ፣ ከቨር፣ የስክሪን መከላከያ ወይም ውስጥ ያለ ጎማ ሊሆን ይችላል። የስልኩ ታች ጫፍ ሲጫኑት ድምፅ የሚመጣና የሚጠፋ ከሆነ የላላ ማያያዣ አለ። ቻርጀር ሲሰካ ብቻ የሚጮኽ ከሆነ ጥፋቱ የርካሽ ቻርጀር ነው እንጂ የማይኩ አይደለም። በሁሉም አፕ ላይ ፍጹም ጸጥታ ከሆነ ደግሞ ማንም ካቻቢቴ ከማንሳቱ በፊት አፖቹ ማይክ የመጠቀም ፈቃድ እንዳላቸው ይይ፤ ከአንድሮይድ 12 ጀምሮ ከላይ በሚወርደው ሜኑ ላይ የማይክ መዝጊያ አለ፣ እሱ ከተዘጋ አፖቹ የሚያገኙት ባዶ ድምፅ ነው። ባለቤቱን የጠየቀው አንድ ነገር ብቻ ነው፦ ከቨሩን አውልቀው ጸጥ ባለ ክፍል ውስጥ በድምፅ መቅጃው 10 ሰከንድ ይቅዱና ያዳምጡት።

ምላሽ 2 አጭር ነው። *#0*# ደውሎ ማይኩን እዚያ መሞከር፣ ካልሆነ ስልኩን ፍላሽ ማድረግ፣ ማለትም ሶፍትዌሩን እንደ አዲስ መጫን።

ምላሽ 3 ሁለቱንም አልተቀበለም። በ*#0*# የሚከፈተው ሜኑ የስክሪን ቀለም፣ ንክኪ፣ የጆሮ ማዳመጫ (ጥሪ ጆሮ ላይ የሚሰማበት የላይኛው ስፒከር)፣ ንዝረት፣ ስፒከርና ሴንሰር ይፈትሻል እንጂ ማይክን ለብቻው አይፈትሽም። ለሳምሰንግ የሚሻለው ሳምሰንግ ሜምበርስ የተባለው አፕ ውስጥ ያለው የስልክ ምርመራ ነው፤ ማይክ እዚያ ራሱን የቻለ ፈተና አለው። ሻዎሚ የያዘ ደግሞ *#*#6484#*#* ቢደውል የፋብሪካው መፈተሻ ይከፈትለታል። ስለ ፍላሽ ግን ቃሉን አላለሰለሰም፤ ኢርፎን ላይ ድምፅ ጥርት እያለ ስልክ ፍላሽ የሚያደርግ ጥገና ቤት ችግሩን ስላላወቀ ጊዜ እየገዛ ነው፣ የደንበኛውን ፎቶም በከንቱ ያጠፋል ይላል።

ምላሽ 4 ከ3 ጋር ይስማማል፣ ግን አንድ ነገር ያጠራል። ኢርፎኑ መሥራቱ ሶፍትዌሩና የድምፅ አይሲው (ዋናው ቦርድ ላይ ያለው የድምፅ ቺፕ) በሕይወት እንዳሉ ያሳያል፤ የታችኛው ማይክ መስመር ደህና ስለመሆኑ ግን አይመሰክርም፤ የኢርፎን ማይክ ወደ አይሲው የሚገባው በሌላ መስመር ነውና። ስለዚህ ቦርድ ነው የተባለውን ምርመራ ያዳክመዋል እንጂ ሙሉ በሙሉ አይሽረውም። አያይዞም የኢርፎን ቀዳዳ ውስጥ እርጥበት ወይም የኪስ ብናኝ ሲቀር ስልኩ ኢርፎን የተሰካ እንደሚመስለውና የራሱን ማይክ እንደሚዘጋ ይጠቅሳል። ምልክቱ ምንም ሳይሰካ ከላይ የኢርፎን ምስል መታየቱ ነው።

ምላሽ 5 ወደ ሌላ ስልክ ወሰደን፣ ግን ይጠቅማል። ዘመናዊ ስልክ ከአንድ በላይ ማይክ ስላለው አንዱን ሞክሮ ሁሉም ደህና ናቸው ማለት አይቻልም። አይፎን ላይ ቮይስ ሜሞ የታችኛውን፣ የፊት ካሜራ ቪዲዮ ከላይ በጆሮ ማዳመጫው በኩል ያለውን፣ የኋላ ካሜራ ቪዲዮ ደግሞ ከካሜራው አጠገብ ያለውን ይፈትሻል። አንድሮይድ ላይም በዚሁ መንገድ ሦስት ቅጂ ወስዶ ማወዳደር ነው። የላይኛው ማይክ የአካባቢ ጫጫታ ለመቀነስ ስለሚያገለግል እሱ ሲደፈን ስልኩ የሰውየውን ድምፅ ራሱን እንደ ጫጫታ ቆጥሮ ሊቆራርጠው ይችላል። ጥሪ ብቻ ተቆራርጦ ቅጂ ግን ጥሩ ከሆነ መጀመሪያ መጠርጠር ያለበት እሱ ነው።

ምላሽ 6 ባለቤቱ ነው። ከቨር ወልቆም ያው ነው፤ ስልኩ የቡና መጋዘን ውስጥ የዋለ መሆኑን ጨመረ፣ ቀዳዳውም ጠቁሮ ይታየዋል።

ቡና የሚለው ቃል ሲነሳ ግማሹ የጅማ አንባቢ የነቃ ይመስላል። ምላሽ 7 ከሁሉ ረጅሙ ነው፤ ስለ ማጽዳት ብቻ ነው፣ ሙሉውን ማስፈር ይገባል። መጀመሪያ ቀዳዳውን መለየት፦ ታች፣ ከቻርጀር መሰኪያው አጠገብ ብቻዋን ያለች ትንሽ ክብ ቀዳዳ ናት፤ ተደርድረው ያሉት የስፒከር ናቸው። በሌላ ስልክ ካሜራ አጉልቶና መብራት አብርቶ ማየት። ከዚያ ለስላሳና ደረቅ የጥርስ ብሩሽ፤ ስልኩ ቀዳዳው ወደ መሬት ዞሮ ይያዝና ከታች ይቦረሽ፣ የተነሳው ብናኝ ተመልሶ እንዳይገባ ወደ ታች ይውደቅ። ቀጥሎ ግልጽ ፕላስተር ቀዳዳው ላይ በጣት ተጭኖ ማንሳት፣ በየጊዜው በአዲስ ቁራጭ። የቡና ገለፈት ብናኝ ከእርጥበት ጋር ስለሚጣበቅ ደረቅ ብሩሽ ካልበቃው ብሩሹን 99 ከመቶ አይሶፕሮፒል አልኮል ማስነካት፣ በደንብ አራግፎ ጫፉ እርጥብ ብቻ ሲሆን መቦረሽ። አልኮል ቀዳዳው ውስጥ አይንጠባጠብም።

የከለከላቸው ደግሞ ከፈቀዳቸው ይበዛሉ። የሲም ማውጫ ፒን፣ መርፌ፣ የፀጉር ሽቦ አይገባም። ከቀዳዳው ጀርባ ስስ ወንፊት፣ ከወንፊቱ ጀርባ ጎማ፣ ከጎማው ጀርባ ማይኩ አለ፤ የማይኩ ልብ ደግሞ እጅግ ስስ የሲሊከን ሽፋን ነው። በአፍ አይነፋም፣ ምራቅ ይገባል። ጎሚስታ ቤት ወስዶ በኮምፕረሰር ማስነፋት ከሁሉ የከፋው ነው፤ ብናኙን ያወጣ ይመስላል እንጂ ሽፋኑን ይቀደዋል፣ ሲያፍን የነበረው ማይክ ያን ጊዜ በእርግጥ ይሞታል። በመምጠጫ ማሽን መሳብም ያው ነው፤ የማይክ አምራቾች ራሳቸው በመመሪያቸው ሁለቱንም ይከለክላሉ።

ምላሽ 8 ይህ ሁሉ የወረቀት ዕውቀት ነው ባይ ነው። ፒን ሁልጊዜ ይሠራል፤ ቀስ ብሎ ማስገባት እንጂ ሌላ ምስጢር የለውም።

ምላሽ 9 እዚህ ላይ ተቆጣ። ፒን የሠራው ማይኩ ከቀዳዳው ዞር ብሎ በተቀመጠባቸው ስልኮች ላይ ነው፤ ቀዳዳው ልክ ማይኩ ፊት በሆነበት ስልክ ግን አንድ ጊዜ ብቻ ነው የሚገባው፣ ከዚያ በኋላ የሚጸዳ ማይክ የለም። ውኃ በማያስገቡ ስልኮች ላይ ደግሞ መከላከያውን ሽፋን ይበሳዋል፤ ስልኩም ማይኩ ቢተርፍ እንኳ ውኃ መከላከል ያቆማል። እንዲህ የሚመክር ሰው የሰው ንብረት ባይነካ ይሻላል ብሎ ዘጋው። ምላሽ 10 ጠቡን ሳይነካ አለፈና የሚረባ ነገር አቀበለ፦ ብዙ ማይክ የሚበሳው ሊያጸዳ በተነሳ ሰው ሳይሆን ሲም ሊያወጣ ባሰበ ሰው ነው። የሲም ቀዳዳ መሳቢያው ራሱ ላይ ነው፣ ዙሪያውን የመሳቢያው መስመር ይታያል፤ መስመር የሌላት ብቸኛ ቀዳዳ የማይክ ናት።

ምላሽ 11 ስለ ክረምት ነው። ከሰኔ እስከ መስከረም ጅማ ዝናብ ስለማያቋርጥ ኪስ ውስጥ የረጠበ ስልክ ድምፁ ቢያፍን ብርቅ አይደለም፤ ወንፊቱ ላይ የቀረች የውኃ ጠብታ ትበቃለች። ሩዝ ውስጥ መቅበር ግን ይቅር ይላል፤ አፕል ራሱ እ.ኤ.አ. በ2024 የሩዝ ቅንጣት ስልኩን ሊጎዳ ስለሚችል እንዳይደረግ መክሯል። ስልኩን አጥፍቶ፣ መሰኪያው ወደ ታች ሆኖ፣ ነፋስ የሚያገኘው ቦታ አንድ ቀን ማቆየት ነው። የፀጉር ማድረቂያ ሙቀት ማጣበቂያውን ያላላል፣ እርጥበቱንም ወደ ውስጥ ይነዳል። ሲደርቅ ድምፁ ተመልሶ ከሳምንታት በኋላ እንደገና ከጠፋ ውስጥ ዝገት ጀምሯልና ተከፍቶ ይታይ።

ምላሽ 12 ከርዕሱ ወጥቶ ስለ አይቴል ባለ ቁልፍ ስልክ ጠየቀ፤ ምላሽ 13 ሳይሰለች መለሰለት። እነዚያ ላይ ብዙ ጊዜ ያለው ባለ ሁለት እግር ክብ ማይክ ነው፣ በተራ የመበየጃ ብረትና በትንሽ ስታኞ ይቀየራል። ሊጠነቀቁለት የሚገባው ፖላሪቲው ነው፤ ከብረት ቆርቆሮው ጋር የሚገናኘው እግር ኔጌቲቩ ነው፣ በቴስተር ድምፅ ማሰማት ይለያል። ተገልብጦ ከተበየደ ድምፅ የለም ወይም እጅግ ደካማ ነው። ብረቱ ከሁለት ሰከንድ በላይ አይቆይ፣ የውስጡ ፕላስቲክ ይቀልጣል።

ምላሽ 14 እንደገና ባለቤቱ ነው። በ7 መሠረት አጽድቷል፣ ፕላስተሩ ላይ ቡናማ ብናኝ ወጥቷል፣ ድምፁ ትንሽ ተሻሽሏል እንጂ አልጠራም። ከአዲስ አበባ ቻርጂንግ ቦርድ (የቻርጀር መሰኪያው ያለበትን ትንሽ ቦርድ) ሊያዝ ስለሆነ ከመግዛቱ በፊት እንዴት እንደሚከፈት ጠየቀ።

ምላሽ 15 ባለሙያ መሆኑ ከመጀመሪያው መስመር ያስታውቃል። በዚህ ስልክ የታችኛው ማይክ ዋናው ቦርድ ላይ ሳይሆን ከቻርጀር መሰኪያው ጋር ታች ባለችው ትንሽ ቦርድ ላይ ስለሆነ፣ ዋናው ቦርድ ነው ያለው ሰው ስልኩን አልከፈተውም ይላል። አከፋፈቱ እንዲህ ነው። ስልኩ ይጥፋ፣ የሲም መሳቢያው ይውጣ፤ የሲም ፒን እዚህ ላይ ብቻ ያስፈልጋል (የ8ን ሰው መጎንተሉ ይመስለኛል)። የጀርባው ክዳን በስስ ፕላስቲክ፣ የማይሠራ የባንክ ካርድም ይሆናል፣ ዙሪያውን ቀስ እየተባለ ይላቀቅ፤ በብረት አይሞከርም። በጎን በኩል የጣት አሻራ ቁልፉ ስላለ በዚያ በኩል ፕላስቲኩ ጠልቆ አይግባ። ብሎኖቹ ሲወጡ ወረቀት ላይ የስልኩ ቅርጽ ተስሎ በየቦታቸው ይቀመጡ፤ ረጅሙ በአጭሩ ቦታ ከገባ ከስር ያለውን ይበሳል፣ ስክሪን በዚህ መንገድ ሲሰነጠቅ ይታያል። ከምንም በፊት የባትሪው ማያያዣ በፕላስቲክ ይነቀል። ከዚያ ታችኛውን የስፒከር ክፍል ማንሳት፤ ቻርጂንግ ቦርዱ ከስሩ ነው፣ ወደ ዋናው ቦርድ የሚሄድ ጠፍጣፋ ገመድና ክር የመሰለ የአንቴና ገመድ አለው። የአንቴናው ጫፍ ወደ ላይ ተነስቶ ነው የሚላቀቀው፣ ወደ ጎን ከተጎተተ ይሰበራል፤ ያን ጊዜ ማይክ ተሠርቶ ኔትወርክ ይጠፋል።

አዲስ ቦርድ ከማስገባት በፊት ግን ሦስት ነገር ይታይ ይላል፣ ክሩን ወደ መልሱ ያቀረበውም ይህ ነው። አንደኛ፣ ማያያዣዎቹ ላይ አረንጓዴ ወይም ነጭ ዝገት ካለ በአልኮልና በብሩሽ ይጸዳ፣ ሲጸዳ የማይኩ ቀዳዳ በካፕቶን ቴፕ (ሙቀት በሚችል ቴፕ) ይሸፈን። ሁለተኛ፣ ፍሬሙ ላይ ያለው ወንፊት ከውስጥ በኩል ይቦረሽ፤ ከውጭ ያልደረሰው ቆሻሻ እዚያ ነው ያለው። ሦስተኛ፣ በማይኩና በፍሬሙ መካከል የምትቀመጠው ትንሽዬ ጥቁር ጎማ መኖሯና ቀዳዳዋ ከማይኩ ቀዳዳ ጋር ልክ መግጠሙ ይረጋገጥ። ጥገና ቤት ቻርጀር መሰኪያ ሲቀይር ይህችን ጎማ አሮጌው ቦርድ ላይ ትቷት ይጥላታል፣ ወይም አጣሞ ያስቀምጣታል። ቦርዱ አዲስ፣ ማይኩ አዲስ፣ ድምፁ ግን የታፈነ ይሆናል፤ ደንበኛውም ሌላ ቦርድ ይገዛል።

ምላሽ 16 ስለ ግዢው አስጠነቀቀ። ኤ12 የሚባለው አንድ ስልክ አይደለም። ኤ125ኤፍ የሜዲያቴክ ሄሊዮ ፒ35፣ ኤ127ኤፍ ደግሞ የሳምሰንግ ኤክሲኖስ 850 ፕሮሰሰር ነው ያለው። ሴቲንግ ውስጥ ስለ ስልኩ በሚለው ቦታ የሞዴሉ ቁጥር ተነቦ፣ አሮጌው ቦርድ ላይ የታተመው ቁጥርም ፎቶ ተነስቶ ነው ማዘዝ። ኤ12 ብቻ ተብሎ ከታዘዘ ከ350 ኪሎ ሜትር መንገድ በኋላ የማይገጥም ዕቃ ይመጣል፣ ሻጩም አይመልስም።

ምላሽ 17 ቦርድ ሙሉውን ከመቀየር ማይኳን ብቻ መቀየር ይረክሳል ብሎ መንገዱን ዘረዘረ። ማይኳ 3 በ4 ሚሊ ሜትር ገደማ የሆነች የብረት ሳጥን ናት። ሁለት ዓይነት አለች፦ ቀዳዳዋ ከላይ የሆነና ቀዳዳዋ ከስር በቦርዱ በኩል የሚወጣ፤ አንዱ በሌላው ቦታ አይሠራም። ከመንቀል በፊት ቴስተር ይያዝ፤ የድምፅ መቅጃው እየሠራ እያለ በማይኩ የኃይል እግርና በግራውንድ መካከል ይለካ። ስልኩ ለማይኩ ኃይል የሚሰጠው ሲቀዳ ብቻ ስለሆነ መቅጃው ጠፍቶ የሚለካ ሰው ሁልጊዜ ዜሮ ያነብና ቦርዱን ይኮንናል። እነዚህ ማይኮች ባብዛኛው ከ1.5 እስከ 3.6 ቮልት ባለው ውስጥ ነው የሚሠሩት። ቮልት ካለና ድምፅ ከሌለ ማይኩ፣ ቮልት ከሌለ መስመሩ ወይም አይሲው። መንቀያው ሆት ኤር (ሞቃት አየር የሚነፋ ማሽን) በ350 ዲግሪ ሴንቲግሬድ፣ ንፋሱ ዝቅ ብሎ፣ ዙሪያው ያለው ፕላስቲክ በካፕቶን ተሸፍኖ።

ምላሽ 18 በ350 ተሳለቀ። የማይኩ ዳታሺት (የአምራቹ መግለጫ) ጣሪያው 260 አካባቢ ነው እያለ በ350 የሚነፋ ሰው እየጠበሰ ነው። ምላሽ 19 ሁለቱንም አስታረቀ፣ በእኔ ግምት ትክክል ነው፦ 260 የመበየጃው ነጥብ ራሱ የሚደርስበት ሙቀት ነው፣ 350 ደግሞ የማሽኑ መስኮት ላይ የሚታየው። አየሩ አፍንጫው ጋ ወጥቶ ቦርዱ እስኪደርስ፣ ቦርዱም እስኪሞቅ ብዙ ይወርዳል። ልዩነቱን የሚወስነው ርቀቱና ጊዜው ነው፤ ቦርዱን ከስር ቀድሞ ማሞቅ፣ ከላይ ደግሞ ስታኞው ሲያብረቀርቅ ወዲያው ማቆም። ሁለቱም ያልጠቀሱትን ጨመረ፦ ፍላክስ (ስታኞ እንዲይዝ የሚቀባው) በጣም ጥቂት ይሁን፣ ወደ ቀዳዳው ከገባ አዲሱ ማይክ ከመሥራቱ በፊት ያልቃል። ከተበየደ በኋላ ቦርዱ አልትራሶኒክ ማጠቢያ ውስጥ አይገባም፣ በቤንዚንም አይታጠብም፤ ጠርዙ ላይ የቀረው ፍላክስ በጥጥ እንጨት ብቻ ይጠረጋል።

ምላሽ 20 ባለቤቱ ውጤቱን ያሳወቀበት ነው። ቦርድ ሳይገዛ በፊት አስከፈተው፤ ጎማዋ የለችም። መሰኪያው ከዚህ በፊት ተቀይሮ ነበር። ከማይሠራ ተመሳሳይ ስልክ ላይ ጎማ ተገኝታ ገባች፣ ወንፊቱም ከውስጥ ተቦረሸ፣ ድምፁ ጠራ። ሰዎቹ ይህን ሲሰሙ ክሩ ያበቃል ብዬ ነበር፤ ዋናው ጭቅጭቅ ገና መጀመሩ ነበር።

መሃል ላይ ግን ምላሽ 21 አንድ ቁም ነገር አስገባ። ጎማዋ ስትጠፋ ማፈን ብቻ አይደለም የሚመጣው፤ የስፒከሩ ድምፅ በስልኩ ሆድ ውስጥ ዞሮ ወደ ማይኩ ስለሚገባ ላውድ ላይ ሲወራ ደዋዩ የራሱን ድምፅ እያስተጋባ ይሰማዋል። ስለዚህ ፈተናው ስፒከሩ ክፍል በብሎን ከታሰረ በኋላ ነው የሚደረገው፣ ክፍት እያለ ከተሞከረ ጎማው ስላልተጫነ ውጤቱ አይታመንም። አሞካከሩንም ሰጠ፦ ስልኩን ጠረጴዛ ላይ አስቀምጦ ከ30 ሴንቲ ሜትር ርቀት ከአንድ እስከ አሥር መቁጠር፣ በሚታመን ሌላ ስልክ በዚያው ቦታ መድገም፣ ሁለቱን ቅጂ በኢርፎን ማወዳደር። ከዚያ አንድ ጥሪ በጆሮ፣ አንድ በላውድ። የገበያ ጫጫታ ውስጥ የሚደረግ ሙከራ ሙከራ አይደለም።

ምላሽ 22 ድሮም ባይሠራ ኖሮ ለማንም ሳይናገሩ መሸጥ ነበር፣ ያገለገለ ዕቃ የሚገዛ አደጋውን አውቆ ነው የሚገዛው፣ ስላሽ የሚሸጡትም የሚናገሩት የለም አለ።

ምላሽ 23 የክሩ በጣም ስለታሙ ነው። ይህ ንግድ ሳይሆን ማታለል ነው፤ ሕጉም ከሻጩ ጋር አይቆምም። የ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ ከአንቀጽ 2287 ጀምሮ ሻጭ የሸጠው ዕቃ ጉድለት የሌለበት ስለመሆኑ ዋስ እንደሆነ ይደነግጋል፤ ሻጩ ጉድለቱን እያወቀ በተንኮል ከደበቀ ዋስ አልሆንም ብሎ ቢዋዋል እንኳ አያድነውም። ለ22 ሰው የሰጠው ስም ግን እዚህ አይደገምም። ምላሽ 24 ስድቡን ነቅፎ ሐሳቡን ደገፈ፣ ይልቅ ለማስታወቂያው የሚሆን አጻጻፍ አቀረበ፦ የሞዴሉ ሙሉ ቁጥር፣ ስልኩ ተከፍቶ እንደነበር፣ መሰኪያው መቀየሩ፣ የማይክ ጎማ መግባቱ፣ ኦሪጅናል ያልሆነ ዕቃ ካለ የትኛው እንደሆነ፣ ከዚያም 10 ሰከንድ የድምፅ ቅጂ ከፎቶዎቹ ጋር ማያያዝ። የድምፅ ቅጂ ያለው ማስታወቂያ ደላላ ዋጋ ለመስበር የሚይዘው ሰበብ አያገኝበትም። ተከፍቷል ብሎ መጻፍ ትንሽ ዋጋ ያስቀንስ ይሆናል፤ ገዢው ራሱ ከፍቶ ሲያገኘው ከሚመጣው ጣጣ ግን ያንሳል።

ጠቅላላ ጥያቄውን፣ ማለትም መቼ መጠገን መቼ ዋጋ መቀነስ ይሻላል የሚለውን፣ በቀጥታ የመለሰው ምላሽ 25 ብቻ ነው። ማጽዳትና ጎማ ሁልጊዜ ይሠራ፤ ቻርጂንግ ቦርድ መቀየርም ባብዛኛው ያዋጣል፣ ምክንያቱም ገዢ ማይክ የማይሠራ ስልክ ሲሰማ የሚቀንሰው የቦርዱን ዋጋ ሳይሆን የፍርሃቱን ዋጋ ነው። ዋናው ቦርድ ላይ አይሲ መነካት ካለበት ግን አይነካ፤ ሥራው ውድ ነው፣ ካልተሳካም ስልኩን ይዞት ይሄዳል። ያኔ እንዳለ፣ ችግሩን ጽፎ፣ ለጠጋኝ መሸጥ ነው።

ለዚህ ምሳሌ ሳይጠየቅ መጣ። ምላሽ 26 አይፎን 7 እንዳለው፣ ጥሪ ላይ የስፒከር ምልክቱ ግራጫ ሆኖ እንደማይነካ፣ ቮይስ ሜሞም እንደማይቀዳ ጻፈ። ምላሽ 27 ይህ ጎማም ብሩሽም እንደማያድነው ነገረው። የታወቀ በሽታ ነው፤ የድምፅ አይሲው ስር ሲ12 የተባለችው እግር ከቦርዱ ትለያለች፣ ስልኩ ሲነሳም የአፕል ምልክት ላይ ረጅም ጊዜ ይቆያል። አፕልም እ.ኤ.አ. በ2018 አይኦኤስ 11.3 በጫኑ አንዳንድ አይፎን 7 እና 7 ፕላስ ላይ ማይክ እንደሚጠፋ ለጠጋኞቹ አሳውቆ ነበር። ጥገናው አይሲውን አንስቶ፣ የተቆረጠውን መስመር በስስ ሽቦ ዘርግቶ፣ አዲስ የስታኞ ኳስ ሠርቶ መልሶ መግጠም ነው፤ ማይክሮስኮፕ የሌለው አይሞክረውም። ሳይሠራ ከዋለ ደግሞ ጭራሽ አለመነሳት ይከተላል፣ ስለዚህ የሚሸጥ ከሆነ ሳይዘገይ።

የመጨረሻዎቹ ሁለቱ ስለ ማስረከብ ናቸው። ምላሽ 28 ቅደም ተከተሉን ሰጠ፦ ከቴሌብርና ከባንክ አፖች መውጣት፣ ቴሌግራም ላይ ስልኩን ከተመዘገቡት መሣሪያዎች ማስወጣት፣ ሜሞሪ ካርድና ሲም ማውጣት፣ ከዚያ የጉግልና የሳምሰንግ አካውንት ከሴቲንግ ውስጥ ማንሳት፣ በመጨረሻ ሁሉንም ማጥፋት። አካውንቱ ሳይነሳ በቁልፎች ፎርማት ከተደረገ ስልኩ ሲነሳ የድሮውን ጉግል አካውንት ይጠይቃል፤ ገዢውም በማግሥቱ ተመልሶ ይመጣል። ምላሽ 29 አንድ ነገር አረመ። ስልኩ ተጠርጎ የሰላምታው ገጽ ላይ ከተተወ ገዢው ማይኩን የሚሞክርበት ቦታ የለውም። ስለዚህ አካውንት ሳይገባ፣ ዝለል በሚለው እየታለፈ እስከ ዋናው ገጽ ይከፈት፤ ካሜራው ቪዲዮ ይቀዳል፣ ገዢው የራሱን ሲም ከቶ ይደውላል፣ *#06# ደውሎ የሚወጣውን አይኤምኢአይ (የስልኩን መለያ ቁጥር) ከካርቶኑ ጋር ያመሳክራል፣ ብሩም ከዚያ በኋላ ይቆጠራል።